ሳይጠሩት አቤት

ሰውየው ሱቄ ሲገባ 11 ሰዓት ሊሞላ ትንሽ ነው የቀረው። ሱሪው እስከ ጉልበቱ ረጥቧል። በእጁ ጥቁር ፌስታል ይዟል። ፌስታሉ ውስጥ ሌላ ፌስታል አለ። እሱ ውስጥ ደግሞ በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር። ቀስ ብሎ ፈታታና ዲግሪውን አውጥቶ ጠረጴዛዬ ላይ አኖረው። ጠርዙን በመዳፉ ዳበስ አደረገው።

ላሚኔት ተደርጓል።

«እኅቴ፣ የማስተርስ ምዝገባ እዚህ ነው አሉኝ።»

ለማታውቁኝ፣ ባሕር ዳር ፔዳ ሰፈር፣ ከዩኒቨርሲቲው ግቢ አጠገብ፣ ፎቶ ኮፒ ቤት አለኝ። ቤቱ ስም አለው፤ በስሙ የሚጠራው ግን የለም። «ኮፒ ቤቷ» ነው የሚሉኝ። ኮፒ፣ ስካን፣ ጽሕፈት፣ ጥረዛ፣ ኢንተርኔት። ምዝገባው እኔ ጋ አይደለም። ግን ማመልከቻው በኢንተርኔት ነው፤ ኢንተርኔቱ ደግሞ እኔ ጋ ነው። ስለዚህ የወቅቱ ሰሞን ሰው ሁሉ «ምዝገባው የት ነው?» ሲል ባጃጆቹ ወደ እኔ ይጠቁማሉ።

ሰውየው የመጣው ከደቅ ነው፤ ከደሴቱ። አንደኛ ደረጃ ሒሳብ ያስተምራል። ዲግሪውን ያገኘው ክረምት ክረምት እየተመላለሰ ተምሮ ነው። የዚያን ቀን ጣና ነፋስ ነበረው። ጠዋት የተሳፈረባት ጀልባ ባሕር ዳር የደረሰችው ከሰዓት በኋላ ነው።

«መምህር፣ ይሄን ለምን ላሚኔት አደረጉት?» አልኩት።

«ውኃ ፈርቼ» አለኝ።

ምን ይባላል? ውኃ የሚያቋርጥ ሰው ወረቀቱን ከውኃ ቢከላከል ምን ያስገርማል? ነገር ግን ላሚኔት በተደረገ ሰነድ ላይ ማኅተም አያርፍም። ማረጋገጫ የሚጠየቅበት ቢሮ ሲሄድ «ይሄን አንቀበልም» ነው የሚሉት። ልላጠው ቢል ወረቀቱ አብሮ ይላጣል። አዲስ ለማውጣት ደብዳቤ፣ ክፍያ፣ ምልልስ። ስንቱ መጥቶ እኔ ጠረጴዛ ላይ አልቅሷል። እኔ ራሴ ላሚኔት ማሽን አለኝ። ዲግሪ ይዞ «ላሚኔት አድርጊልኝ» የሚለኝን ሁሉ አሁን አላደርግም ብዬ ነው የምመልሰው። ብሩ ይቅርብኝ።

ለነገሩ ላሚኔቱም ዋናው ችግር አልነበረም። ምዝገባው በዋዜማው ተዘግቷል። ይሄን ስነግረው ፊቱ ላይ ምንም አላየሁም። ቀስ ብሎ ጋዜጣውን መጠቅለል ጀመረ።

«ማስታወቂያው መቼ ነው የወጣው?»

«ሦስት ሳምንት ሆኖታል።»

«የት?»

«ቴሌግራም ላይ። ግቢው በር ላይም ተለጥፎ ነበር።»

«ግቢው በር ላይ» አለ። ከዚያ ሳቅ አለ። «ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት ሆነብኝ በይኛ።»

ተረቷን ሁላችሁም ታውቋታላችሁ። በማያገባው ለሚገባ ሰው ነው የምትባለው። እሱ ግን በራሱ ላይ ተረታት። ሻይ ልጋብዘው ብል ጀልባ ያመልጠኛል ብሎ ሄደ። በማግስቱ ነበር የሚመለሰው ለካ፤ እምቢ ያለው አፍሮ ነው። እኔ ግን ያቺ ተረት ከራሴ አልወጣ አለች። ሰውየው ልክ ነው። ማን ጠራው?

እኛ አገር ሰርግ ያለበት ሰው ካርዱን ጊዮርጊስ በር ላይ ለጥፎ «የፈለገ ይምጣ» አይልም። ለጎረቤት በልጅ ይልካል። ለጓደኛ ይደውላል። አክስቱ ዘንድ ግን በእግሩ ይሄዳል፤ ያውም ቁጭ ብሎ ቡና ጠጥቶ። አክስት በካርድ ብቻ ከተጠራች ቀረች ማለት ነው። ብትመጣም ኩርፊያዋን ይዛ ነው የምትመጣው። ማንን በምን መጥራት እንዳለብን ሳንማር የምናውቅ ሕዝብ፣ ለሁለተኛ ዲግሪ ሲሆን በር ላይ ለጥፈን እንቀመጣለን።

አባቴ ስለ ድሮው ሲያወራ፣ ደብረ ማርቆስ ተማሪ እያለ ከአንድ ኮሌጅ የመጡ ሰዎች ክፍላቸው ድረስ ገብተው «ማን ጎበዝ ነው?» ብለው መምህሩን እንደጠየቁ ይናገራል። እሱን ግን አልመረጡትም፤ እስከ ዛሬ ይቆጨዋል። በኋላ ፔዳ ገባ። ፔዳ በ1960ዎቹ አጋማሽ ሲከፈት ሥራው መምህራንን ማሠልጠን ነበር፤ ስሙም የመጣው ፔዳጎጂ ከሚለው ነው። ፖሊ የምንለው ፖሊቴክኒኩ ከሱ ቀደም ብሎ በሶቪየቶች እርዳታ ተከፍቷል። ሁለቱ ተዋሕደው ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የሆኑት በ1992 ዓ.ም. ነው። ለገጠር መምህር ተብሎ የተከፈተ ግቢ በር ላይ የተለጠፈ ወረቀት ለገጠር መምህር ሳይደርሰው ሲቀር፣ አባቴ ቢሰማ ምን ይል ይሆን እያልኩ አስባለሁ። ምን ይላል? «ጥሩ ነው፣ እኔም አልተመረጥኩም» ይላል እንጂ።

በአባቴ ዘመን ማስተርስ ማለት ባሕር ማዶ ማለት ነበር። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የድኅረ ምረቃ ትምህርት ቤት የከፈተው በ1970ዎቹ መጀመሪያ ነው። ከዚያ በፊት «ማስተርስ ሊሠራ ሄደ» ከተባለ ሰውየው ሻንጣ ይዞ አውሮፕላን ላይ ወጥቷል። ዛሬ በባጃጅ ይደረሳል። ቢሆንም የሚደርሰው ባጃጅ በሚደርስበት የሚኖረው ነው።

አንድ ቃል አለ፤ ስንት ጊዜ እንደተየብኩት ብታውቁ። «ብዝኃነት»። ስትራቴጂክ ዕቅድ ላይ፣ ፕሮፖዛል ላይ፣ የዐውደ ጥናት ባነር ላይ። ባነሩ ትልቅ ስለሚሆን ቃሉም ትልቅ ይሆናል። ሰው ቃሏን ሲሰማ ጆሮው ወዲያው ወደ ብሔር ይሄዳል። እኔ ግን ቃሏን የምተረጉማት በደብተሬ ነው።

ባለ ካሬ ደብተር አለኝ። ማን ምን እንዳሠራ፣ ስንት እንደቀረበት የምጽፍበት። መምህሩ የሄደ ዕለት ማታ ሱቁን ዘግቼ የዚያን ሳምንት ገጾች አገላበጥኩ። አንዱ ገጽ ላይ ለማስተርስ ያስመዘገብኳቸው 22 ስሞች ነበሩ። ሴት 4። ከአራቱ ሦስቱ እዚሁ ግቢ የሚሠሩ። ወንዶቹን አንድ በአንድ አስታወስኳቸው። አብዛኛው የባንክ ሠራተኛ፣ የከተማ አስተዳደር ሠራተኛ፣ ወይ ባለፈው ዓመት ተመርቆ ሥራ ያጣ። ከገጠር የመጣ አንድ፤ እሱም አጎቱ ፔዳ ጥበቃ ስለሆነ ሰምቶ ነው። በሩ ላይ የተለጠፈው ወረቀት የደረሰው ለበር ጠባቂው ዘመድ ነው ማለት ነው።

ስለ አራተኛዋ ሴት ላውራ። ሲስተር ናት፤ ከከተማ ወጣ ያለ ጤና ጣቢያ ነርስ። የአምስት ወር ልጅ አዝላ መጣች። እኔ ስተይብ ልጁ ከጀርባዋ እጁን እየዘረጋ ኪቦርዱን ይመታል። አንድ ጊዜ የአባቷ ስም ውስጥ ሦስት «ኬ» ጨመረልኝ። ሁሉን ሞልተን የስፖንሰር ደብዳቤ የሚለው ጋ ስንደርስ ዝም አለች። አለቃዋ ደብዳቤውን አልሰጣትም። «አንቺ እኮ አራስ ነሽ፣ በሚቀጥለው ዓመት» አላት።

«አምና ምን ብሎሽ ነበር?» አልኳት።

«አምናማ እርጉዝ ነሽ ብሎኝ ነበር።»

በግሏ ልትከፍል ተመዘገበች። ዊክኤንድ ልትማር። ከባሏ ጋር እንዴት እንደተስማማች አልጠየቅኳትም፤ ልጁን ወደ ደረቷ አዙራ እያጠባች «ብቻ ይግባልኝ እንጂ» ስትል ሰማሁ።

ሕግ የለም እንዳትሉኝ። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 35 ለሴቶች ተጨማሪ ድጋፍ ይገባል ይላል። በ2011 የወጣው የከፍተኛ ትምህርት አዋጅ ቁጥር 1152ም ዕድል ያጡ ወገኖች በልዩ ድጋፍ የሚገቡበትን መንገድ ይከፍታል። ጥሩ ነው። ግን ልብ በሉልኝ፤ ድጋፉ የሚሠራው ማመልከቻው ለገባለት ሰው ነው። ሲስተሯ እዚህ የደረሰችው አለቃዋ ሁለት ጊዜ ከመለሳት በኋላ ነው። ስንቷ በዚያው ቀርታለች?

ሌላ ቀን ደግሞ ዓይነ ስውር የሕግ ምሩቅ መጣ። ወንድሙ እየመራው። ልጁ ኮምፒዩተር ከኔ በላይ ያውቃል፤ ስልኩ እያነበበለት ራሱ ነው የሚጽፈው። ቤቱ ሆኖ አንድ የማመልከቻ ገጽ ሞልቶ ሞልቶ መጨረሻው ላይ ተሰናክሎ ነው የመጣው። ከፈትኩት። የተጣመሙ ፊደላት ያሉበት ሥዕል ነው። ያየኸውን ጻፍ ይላል።

«ምን ይላል?» አለኝ።

«ሮቦት አለመሆንህን አረጋግጥ ነው የሚለው።»

ሳቀ። ወንድሙም ሳቀ። እኔ ግን አፈርኩ፤ ገጹን የሠራሁት እኔ የሆንኩ ይመስል። አምስቱን ፊደል ጻፍኩለት፤ አለፈ። አምስት ፊደል። ከቤቱ እኔ ሱቅ ድረስ ደግሞ ሁለት ባጃጅ ነው። ይሄን የጠራው ሰው የለም ብቻ አይደለም፤ በሩም ላይ ሰው ቆሞ መልሶታል። ሥዕሉን በድምፅ የሚያነብ ማድረግ ይቻላል እኮ፤ ብዙ ገጽ ላይ አለ። ያሰበው የለም እንጂ።

አሁን አሁን ደግሞ ሁሉም አመልካች ትምህርት ሚኒስቴር የሚሰጠውን ጋት የሚባል የማስተርስ መግቢያ ፈተና ማለፍ አለበት። ፈተናው በኮምፒዩተር ነው፤ በእንግሊዝኛ። ፈተናውን አልቃወምም። በዘመድ ከመግባት ይሻላል፤ የደቁ መምህርም ቢሆን ከባለሥልጣን ልጅ ጋር እኩል ይቀመጣል። ግን አይጥ ጨብጦ የማያውቅ ሰው አለ። የኮምፒዩተሩን አይጥ ማለቴ ነው፤ የቤቷንማ ደቅም ሞልታለች። አንድ መምህር እኔ ጋ ተለማመድ ብዬ አስቀምጬው፣ ቀስቷን ስክሪኑ ላይ ሲያሳድዳት ግማሽ ሰዓት ፈጀበት። ሒሳቡን ግን በጭንቅላቱ ከኔ ካልኩሌተር ቀድሞ ይጨርሰዋል።

በነሐሴ 2015 የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት የቆየ ጊዜ ደግሞ ሁሉም ደቅ ሆኖ ነበር። ያኔ የገባኝ ነገር፣ የከተማ ሰው ከገጠር ሰው የሚለየው በስልኩ መስመር ብቻ መሆኑ ነው። ቴሌግራሙ ሲጠፋ ጎበዙም ሰነፉም «ምን ተባለ?» እያለ ከሰው ጠይቆ ነው የሚያውቀው።

ስለ ጥረዛ ላውራችሁ። የማስተርስ ጥናት ጥረዛ ዋና እንጀራዬ ነው። ጥቁር ሽፋን፣ በወርቅማ ፊደል የተጻፈበት። ሰኔ ላይ ሱቁ ሙጫ ሙጫ ይሸታል። እኔ ደግሞ ርዕስ ማንበብ እወዳለሁ። ስምንት ዓመት ርዕስ አንብቤ የደረስኩበትን ልንገራችሁ? ጥናቱ ሁሉ ስለ ባሕር ዳር ነው። የደንበኞች እርካታ፣ በባሕር ዳር ከተማ። የሠራተኞች ተነሳሽነት፣ በባሕር ዳር ከተማ። በአንድ ሳምንት ውስጥ አንዲትን የባንክ ቅርንጫፍ ያጠኑ ሦስት ጥናቶች ጠርዣለሁ። የቅርንጫፉ ሠራተኞች አሳዘኑኝ፤ መጠይቅ ሲሞሉ ነው የሚውሉት። በዚህ ላይ ተነሳሽነታቸው ይጠየቃል።

ልጆቹን አልወቅስም። የጥናት ገንዘብ የለም፤ በእግር የሚደረስበት ነው የሚጠናው። ደግሞ ሰው የሚጠይቀው የሚያውቀውን ነው። አንድ ሰፈር የኖረ ሰው ክፍሉን ከሞላው፣ የአንድ ሰፈር ጥያቄ ነው የሚጠየቀው።

አንድ ጊዜ ከጋምቤላ የመጣ ልጅ ጥናቱን አስጠረዘ። ረጅም፣ ዝምተኛ። ርዕሱን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። የባሮ ወንዝ ሲሞላ ትምህርት ስለሚቋረጥባቸው መንደሮች ነው። አንዳንዱ መንደር ላይ ውኃው ሲመጣ ሰው ከብቱን ይዞ ይነሣል፤ የትምህርት ካላንደሩ ግን አይነሣም። ያንን ነው የጻፈው። ጥናቱን ፈታኞች ፊት ካቀረበ በኋላ መጥቶ «ፈታኞቹ እኮ መጠየቁን ትተው ማዳመጥ ያዙ» አለኝ። እኔም ሳይፈትነኝ አንብቤ ጨረስኩት። ፎገራ ላይም ርብና ጉማራ ሲሞሉ እንደዚያው ነው እኮ፤ እዚሁ አፍንጫችን ሥር። እሱ ከባሮ እስኪመጣ ግን እኔ ጋ የተጠረዘ እንደዚያ ያለ ጥናት አላየሁም።

አሁን ከሩቅ የሚመጣ ተማሪ ቀንሷል። መንገዱን ታውቁታላችሁ። እናት ልጇን ወደዚህ ለመላክ ብትፈራ አልፈርድባትም። ይሄ በማስታወቂያ የሚፈታ አይደለም፤ አልፈዋለሁ።

ከቅርብ ያለውንስ? ይሄኛው ነው የሚከነክነኝ።

ባለፈው ዓመት አንድ ተማሪ ስለ ጣና ዓሣ የሠራውን ጥናት ሊያስጠርዝ መጣ። ሳይንቲስቶቹ ባርበስ የሚሏቸው ዓሦች ናቸው። ጣና ውስጥ ያሉት ዝርያቸው ከደርዘን ያልፋል፤ አብዛኞቹ በዓለም ላይ ሌላ ቦታ የሉም። ገጾቹ ጠረጴዛ ላይ ተዘርግተው ሳለ ሲቪ ሊያስወጣ የመጣ አንድ ወጣት አጠገባቸው ቆመ። ከነገደ ወይጦ ነው። ታንኳ ከደንገል ሲሠሩ የኖሩት፣ ጣናን ከማንም በላይ የሚያውቁት፣ ሰው ደግሞ ለዘመናት አብሯቸው ማዕድ ሲጠየፍ የኖረው። ልጁ ሥዕሎቹን እያየ በጣቱ «ይቺ ከድንጋይ ሥር ናት፣ ይሄ ሌላውን ዓሣ ይበላል፣ ይቺ ክረምት ሲገባ ወደ ጉማራ ሽቅብ ትወጣለች» ማለት ጀመረ።

ባለ ጥናቱ ቀና አለ። «መቼ እንደምትወጣ ታውቃለህ?»

«አባቴ በደመናው ነው የሚያውቀው። ውኃው ሲደፈርስ ማታ ማታ ይወጣሉ።»

ባለ ጥናቱ ጥረዛውን ረስቶ እስክሪብቶ ፈለገ። ሻይ አስመጣ። አንድ ሰዓት ሙሉ ሱቄን ስብሰባ አደረጉት። እምቦጭ በ2004 ጣና ላይ ከታየ ወዲህ ደንገሉ እንዴት እንደሆነ፣ ታንኳ የሚሠራበትን ለማግኘት የት ድረስ እንደሚኬድ ሲነግረው እኔም ኮፒ ማድረጌን አቆምኩ።

ባለ ጥናቱ ሲሄድ ልጁን «አንተስ ለምን አታመለክትም? ዲግሪ አለህ» አልኩት።

«ማን ጠራኝና?» አለ። አልተማረረም፤ ዝም ብሎ ነው ያለው።

ቢጠሩትም ጣጣ አለው። የተመደበው አካውንቲንግ ነው። አካውንቲንግ ይዞ ወደ ዓሣ ትምህርት አያስገቡትም፤ ተዛማጅ ዲግሪ ይጠየቃል። እዚህ ላይ ኮሚቴዎቹ «እኛ የምንመርጠው ዲግሪ ይዞ ከመጣው ነው፤ ከታች ያልመጣውን ከየት እናምጣ?» ሲሉ ይሰማል። ውሸት አይደለም። በ2014 የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ውስጥ ከግማሽ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ወንፊቱ ከታች ጀምሮ ጠባብ ነው። ይሁን እንጂ ወንፊቱን አልፎ፣ ዲግሪውን ይዞ፣ ላሚኔት አድርጎ ደቅ የተቀመጠውን ሰው ለማምጣት 12ኛ ክፍል ምን አገባው?

መጨረሻ ላይ አንዲት ዶክተር መጣች። የየትኛው ዲፓርትመንት እንደሆነች አልናገርም፤ እሷም አትወድም። 40 ኮፒ ልታስወጣ ነው የመጣችው። ወረቀቱን አየሁት፤ የማስተርስ ማስታወቂያ ነው፣ በእንግሊዝኛ።

«ዶክተር፣ ይሄን የት ሊወስዱት ነው?»

«ወረዳ ወረዳ። መምህራን ስብሰባ ሲኖራቸው እዚያው ልሄድ ነው። ክፍሌ ውስጥ 11 ተማሪ አለኝ፤ አሥሩ ወንድ፣ አሥሩም ከተሜ። ሰለቸኝ።»

ከዚያ ቀና ብላ አየችኝና «አንቺ ጋ የሚመጡት በምንድን ነው የሚሰናከሉት?» አለችኝ። ይሄን ጥያቄ ስምንት ዓመት ሙሉ የጠየቀኝ ሰው የለም። በሩ ላይ የተቀመጥኩት እኔ ነኝ እኮ! ወንበር ሰጠኋትና ዘረገፍኩት። ላሚኔቱን ነገርኳት። ኮስት ሼሪንጉን ነገርኳት፤ ከ1996 ወዲህ በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የተማረ ብዙ ሰው የትምህርት ወጪ መጋራት ዕዳ አለበት፣ ዕዳው ሳይዘጋ ኦፊሻል የሚባለውን የውጤት ማስረጃ ማስላክ ጣጣ መሆኑን የሚያውቁት በመጨረሻው ሳምንት ነው። የስሙን ነገር ነገርኳት፤ ዲግሪው ላይ «ጥላሁን» በአንድ «ኤል»፣ መታወቂያው ላይ በሁለት፣ ሁለት ሰው ነህ ይባላል። አንድ የሆነ ዩኒቨርሲቲ ለአንድ ደንበኛዬ ኦፊሻል ለመላክ ሁለት ወር እንደፈጀበት ነገርኳት። የባንኩን «ሲስተም የለም» ነገርኳት። የሲስተሯን አለቃ ነገርኳት፤ እሱ ላይ ስደርስ ዶክተሯ ብዕሯን አስቀመጠችና «የኔም እንደዚያው ነበር» አለች። ሌላ አልጨመረችም።

40ውን ኮፒ ትታ ሄደች። በሦስተኛው ቀን አዲስ ወረቀት ይዛ መጣች። አንድ ገጽ፣ በአማርኛ። ከላይ «ለመምህራን፣ ለነርሶች፣ ለግብርና ባለሙያዎች» ይላል። ቀጥሎ «ምዝገባው ሲከፈት እንደውልልዎታለን፤ ስልክዎን ይተዉልን። እስከዚያ ይሄን ያዘጋጁ» ይላል። ከዚያ በቀላል ቋንቋ የሚያስፈልገው ሁሉ። ሦስተኛው መስመር ላይ በደማቁ፦ «ዲግሪዎን ላሚኔት አያድርጉ።» ታች ላይ የኔ ስልክ። ሳትነግረኝ ነው ያስገባችው፤ ተቆጣሁ፣ ግን ደስ ብሎኛል።

ሄደች። ዘጌ፣ ከዘጌ ወዲያም። በአውቶቡስ፣ በጀልባ፣ አንድ ቦታ በእግር። ነጠላዋን ተከናንባ ስብሰባው መጨረሻ ላይ ተነሥታ አምስት ደቂቃ ትናገራለች፣ ከዚያ በር ላይ ቆማ ስልክ ትጽፋለች። አንድ ቦታ ሴቶቹ መምህራን ምሳ ሊያሰናዱ ወጥተው ስለነበር ወጥ ቤት ድረስ ሄዳ ሽንኩርት እየላጠች አናገረቻቸው። ይሄን የነገረችኝ እየሳቀች ነው። በዚያ ወቅት ወረቀቷን አጣጥፈው ይዘው የመጡ ሰዎች እኔ ጋ ተሰለፉ። ሁሉም አልገቡም፤ ጋት የጣላቸው አሉ፣ ገንዘቡ የከበዳቸው አሉ። የደብተሬ ገጽ ግን ሌላ መልክ ያዘ። በአንዱ ቀን ከጻፍኳቸው ሴቶቹ በልጠው ነበር። ያ ቀን ቅዳሜ ገበያ ስለሆነ ነው፤ ለገበያ ሲመጡ አብረው ጨረሱት። እንግዲህ የምዝገባ ቀን የሚወስን ሰው ካለ ይሄን ይስማ።

የደቁ መምህር ቁጥር ደብተሬ ላይ ነበር፤ ለዶክተሯ ሰጠኋት። ደወለችለት። ባለፈው ሳምንት ደግሞ እሱ ደወለልኝ። አዲሱን ዲግሪ ለማውጣት ደብዳቤ አስገብቷል። «ሌሎችም መምህራን አሉ፣ አሥር ቅጂ በጀልባ ላኪልን» አለኝ።

ጠዋት ወደቡ ሄድኩ። ነጋዴዎች የጌሾ እስርና ባዶ የቢራ ሳጥን ያወርዳሉ። የጀልባውን ጋሼ አገኘኋቸውና ፖስታውን ሰጠኋቸው። ከፍተው አንዱን አወጡ፣ ርቀት ላይ ይዘው አነበቡት። መለሱልኝ።

«ልጄ፣ ይሄማ ሳይደርስ ይበሰብሳል።»

«ታዲያ ምን ላድርግ፣ ጋሼ?»

«እዚህ ጀልባው ላይ የምሰቅለው አንድ ስጪኝ። ውኃ እንዳይነካው አድርገሽ።»

ሱቅ ተመለስኩ። ማሽኑን አሞቅኩ። ያቺን ወረቀት ላሚኔት አደረግኳት።